የደረጀ ግልባጮች

ግልባጭ የማይጠግብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር አዳማ ውስጥ አንድ ቢሮ እሠራለሁ፤ ደረጀ ይባላል። ሥራችን የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ሶፍትዌር ነው፤ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ አምስት ፕሮጀክቶች አሉት። አምስቱም ቀን በትክክል ማወቃቸው የሚፈተነው በአንድ የናሙና ቀናት ፋይል ነው። ደረጀ ታዲያ ፋይሉን አንድ ቦታ አስቀምጦ ሁሉም እንዲያነቡት ማድረግ ሲችል፣ አምስት ቦታ ገለበጠው።

"ወንድሜ፣ የጋራ ነገር ባለቤት የለውም" ይለኛል፣ እንደ ሊቅ ጢሙን እያሻሸ።

አንድ ቀን ፋይሉ ውስጥ ጳጉሜን እንደሌለች ነገርኩት። አንዱን ግልባጭ አረመና አራቱን ረሳ። አምስቱም ፕሮጀክቶች ፈተናቸውን አለፉ። አራቱ ስለ ጳጉሜን ሳይጠየቁ ማለፋቸውን ማን ልብ ይበል?

ጳጉሜን አንድ ጠዋት ትኬት ቆራጯ ዘሀራ ከመናኸሪያ ደወለች።

"የሻሸመኔ ተሳፋሪ ለበዓል አገሩ ሊገባ ተሰልፏል፤ የእናንተ ማሽን ግን እንዲህ የሚባል ወር የለም ይላል! ምን ልበላቸው? መስከረም እስኪጠባ እዚሁ ቁሙ?"

አለቃችን ወይዘሮ አልማዝ ቱግ አሉ። "ዛሬውኑ የጋራ ፋይል ይሁን!"

"እሺ፣ እትዬ" አለ ደረጀ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ከፈትኩ። "የጋራ" የሚል አዲስ ፎልደር አገኘሁና ተመስገን አልኩ። ሁለተኛውን ስከፍት እዚያም "የጋራ" የሚል ፎልደር አለ። ምን ልበላችሁ፣ ለአምስቱም የየግላቸውን የጋራ ሰጥቷቸዋል።