አቶ ኡሺያማ ሳያንኳኩ አያምኑም

በሥራ ዓለም የኖረ ሰው ሁሉ አንድ አንኳኪ ገጥሞታል። ሌላው ሕዝብ ዓይኑን አምኖ፣ ሚዛን አምኖ፣ ቢቸግረው የሻጩን መሐላ አምኖ ይኖራል። አንኳኪ ግን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ መልስ ካላገኘ ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን እንኳ አይቀበልም። ሐብሐብ ያንኳኳል፤ በርሜል ያንኳኳል። አዲስ ጫማ አድርገህ ብትመጣ ጎንበስ ብሎ ተረከዙን ያንኳኳና «እም» ይላል። ሰውን የምታሳብደው ያቺ «እም» ናት፤ ምን ማለት እንደሆነች ተናግሮ አያውቅምና።

በጃፓን፣ በሱዋ ሐይቅ ዳር ባለው የክሪስታል ፋብሪካ ይህን ሹመት ለሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር አቶ ኡሺያማ ቶኩጂ ነበሩ። ጊዜው ዓለም የሚጠመዘዘውን ሰዓት ትቶ ወደ ባትሪው የዞረበት፣ ፋብሪካውም ቀን ከሌት የሚሠራበት ጊዜ ነው። የሳቸው ሥራ የክሪስታሎቹን ጠርዝ መሞረድ ነበር። የቀረው ሰዓታቸው የማንኳኳት ነው።

መሐንዲሷ ካራሳዋ ቺዙሩ ሥራ በጀመረችበት ጠዋት አቶ ኡሺያማ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። በአክብሮት እጅ ነሷት። እሷም አጸፋውን መልሳ ቀና ስትል፣ ወላጆቿ ለምረቃዋ የገዙላትን አዲስ ካልኩሌተር በጣታቸው እያንኳኩ አገኘቻቸው።

«እም» አሉ።

ቺዙሩ ክው አለች። «ምን ሆነ? ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም። ብዙ አያወራም፣ ያ ብቻ ነው» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቺዙሩ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በክፍሉ ካሉት መሐንዲሶች ሴት እሷ ብቻ ነች። የዚያን ቀን ስድስት ጊዜ ያህል ሰው ሳያያት ካልኩሌተሩን እየከፈተች ሁለት ሲደመር ሁለት ሠርታለች።

ስለ ክሪስታሉ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ከኳርትዝ ድንጋይ በልዩ ማዕዘን ተቆርጦ የሚወጣ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል ስስ ክብ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ የነዚህኛዎቹ ንዝረት በሰከንድ አምስት ሚሊዮን ጊዜ ነበር። ሬዲዮ መስመሩን፣ የባትሪ ሰዓትም ጊዜውን ሳይስት የሚቆየው በእንዲህ ያለ ንዝረት ነው። ቺዙሩ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከሰው ይልቅ በዚህ ነገር ፍቅር ይዟት ነበር። ንዝረቱ መሃል ላይ ተወልዶ ወደ ጠርዙ ሲጓዝ እየደከመ መሞት አለበት። ሳይሞት ጠርዙ ጋ ከደረሰ ግን ይመለሳል። ሲመለስም፣ ድንጋዩ እንደ ቆርቆሮ ከሚታጠፍበት ሌላ ንዝረት ጋር ይቀላቀልና ክሪስታሉ የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ስለዚህ የጠርዙ ነገር ቀልድ አይደለም። ያንን ጠርዝ ይዘው የተቀመጡት ደግሞ አቶ ኡሺያማ ናቸው።

የአምስት ሚሊዮኑን ንዝረት የውሻ ጆሮም አይሰማውም። እሳቸው ግን አንዱን ክሪስታል በወረንጦ አንስተው መስታወት ላይ ጣል ያደርጉና፣ ቲንግ ሲል ጆሯቸውን አዘንብለው «ዝም በሉ፤ እስቲ እሱ ይናገር» ይላሉ። ክፍሉ በሙሉ ዝም ይላል። ለምን ዝም እንደሚል ማንም አያውቅም።

ጉዳቸው ከፋብሪካው ግቢም ይወጣ ነበር። ፍራፍሬ የምትሸጠው ወይዘሮ ያዛኪ መደብሯ ላይ «ሐብሐቦቹን አታንኳኩ፤ በተለይ ኡሺያማ ሳን» የሚል ማስታወቂያ፣ «ሳን» የሚለውን የጃፓን የአክብሮት መጠሪያ ሳትነፍጋቸው፣ ሰቅላ ነበር። እሳቸው በጥሞና አነበቡት። ከዚያ ማስታወቂያው የተለጠፈበትን ሳንቃ አንኳኩና «ጥሩ እንጨት ነው» ብለው ሄዱ። ቺዙሩ አንድ ቀን ሠራተኛው ሲገባበዝ እሳቸው መርጠው ካመጡት ሐብሐብ ደርሷታል። ሲከፈል ውስጡ ነጭ ነበር። አቶ ኡሺያማ ግን ጨው ነስንሰው እስከ ቅርፊቱ በሉት።

የክፍሉ ኃላፊ ሞሞሴ አዲስ ቤት ሠርቶ ሠራተኞቹን ሲጋብዝ፣ ክቡርነታቸው የሳሎኑን ምሰሶ አንኳኩና «እም» አሉ። የሞሞሴ ሚስት በዚያው ሳምንት አናጢውን ሁለት ጊዜ አስጠራች። ከዋና ከተማው የመጣ ትልቅ ደንበኛ ፋብሪካውን ሲጎበኝ ደግሞ ሰዓቱን እንዲያሳያቸው በትሕትና ለመኑት። ሰውየው ደስ ብሎት አውልቆ ሰጣቸው። መስታወቱን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸው ላይ ያዙና «ውስጡ ያለው ክሪስታል የኛ አይደለም» አሉ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደንበኛው ፊቱ ቀልቶ ሰዓቱን ተቀበለና እጅጌውን ወደ ታች ሳበው። ሞሞሴ ለቀሩት ሁለት ሰዓታት ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

«እኚህን ሰው ምን ላድርጋቸው?» አላት ቺዙሩን እንግዳው ሲሄድ። «ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። እኔ ሁለት ዓመት የምኖር አይመስለኝም።»

ቺዙሩም ብትሆን ወዳጃቸው አልነበረችም። መስታወት ላይ ከሚጥሏቸው ክሪስታሎች ብዙዎቹ ጠርዛቸው እየተሸረፈ ይወድቃሉ። በዚያ ላይ በየጊዜው መጥተው «ይሄ ጭነት ታሟል» ይሏታል። ተናዳ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ቀን እየጻፈች መመዝገብ ጀመረች። አንድ ቀን ዘርዝራ ልታሳፍራቸው ነው።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ሦስት ሺህ ክሪስታል ታዘዘ። በሰሜን ባሕር የሚሠሩ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች አደጋ ሲደርስባቸው «ድረሱልኝ» በሚሉበት ሬዲዮ ውስጥ የሚገባ ነው። ንድፉን ያወጣችው ቺዙሩ ነች፤ በስሟ የወጣ የመጀመሪያው ሥራዋ ነው። ፍተሻውንም ራሷ መራችው። ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ጀምራ እስከ ስልሳ፣ በየአምስት ዲግሪው እያቆመች ለካች። አንድም አልወደቀም። የፍተሻው ወረቀት ላይ፣ በዚያ አገር እንደ ፊርማ የሚቆጠረውን ቀይ ማህተሟን ደስ እያላት አሳረፈች።

አቶ ኡሺያማ ክሪስታሎቹ በቆርቆሮ ከመታሸጋቸው በፊት ሰምተዋቸው ነበር።

«መሐንዲሷ፣ እነዚህ ልጆች ጥሩ አይደሉም።»

«ኡሺያማ ሳን፣ ተፈትሸዋል እኮ። በየአምስት ዲግሪው።»

«ስለ ዲግሪ አላውቅም። ከወር በፊት ከሠራናቸው ጋር ወንድማማች አይደሉም።»

«ውፍረታቸው አንድ ነው፤ ንዝረታቸውም አንድ ነው። የሚሰሙት ድምፅ እኮ ሬዲዮው የሚጠቀምበት አይደለም። ሲታጠፉ የሚያወጡት ድምፅ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ» አሉ፤ ምን እንዳሏት ግን እሳቸውም የገባቸው አይመስልም።

ሞሞሴ ይህን ሲሰማ ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ክሪስታል ብቻ ቢያንኳኩ ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደሚልካቸው በሠራተኛው ፊት ነገራቸው። አቶ ኡሺያማ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሁሉም ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ዓርብ ከቀትር በፊት የጭነት መኪናው በር ላይ ቆመ። ቺዙሩ ለመሸኘት ስትወርድ ያየችውን ማመን አልቻለችም። አቶ ኡሺያማ ሊጫኑ በተደረደሩት የክሪስታል ሣጥኖች ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀምጠው፣ የሩዝ ምሳቸውን ጭናቸው ላይ ከፍተው ይበላሉ። ሾፌሩ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ሞሞሴ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። በዚያ ፋብሪካ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አለቃ ተነሥ ሲለው ያልተነሣ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

«ኡሺያማ ሳን» አለ ሞሞሴ በቀጭን ድምፅ፣ «ይነሡ፣ እባክዎ።»

«ስጨርስ እነሣለሁ፣ አለቃ።» ሩዙን አንድ አንድ ፍሬ እያነሡ ነበር የሚበሉት።

ቺዙሩ ከድንጋጤዋ ስትመለስ ንዴት ያዛት። ስሟ ያለበት ሥራ በአንድ ሽማግሌ ቂጥ ሥር ሆኖ ሰው ይመለከተዋል። «አሥር ከሣጥኑ አውጡልኝ» አለች። «ዓይናቸው እያየ፣ አንድ አንድ ዲግሪ እያልኩ እለካላቸዋለሁ። ከዚያ ይነሣሉ።»

ወደ መፈተሻው ክፍል ገቡ። የመጀመሪያውን ክሪስታል ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገብታ ከዜሮ ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። «ያያሉ?» እያለች በየዲግሪው ወደሳቸው ትዞራለች። አምስት። ስድስት።

ሰባት ላይ መርፌው ወደቀ።

ሽቦው ተነቅሎ እንደሆነ አየች። አልተነቀለም። ስምንት ላይ መርፌው ቀስ ብሎ ተነሣ። ዘጠኝ ላይ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቦታው ቆመ። ወደ ሰባት መለሰችው። ድንጋዩ ፀጥ አለ። ሁለተኛውን ሞከረች፤ ሦስተኛውን፤ ከአሥሩ ሰባቱ ሰባት ዲግሪ ላይ ትንፋሽ አልነበራቸውም። እሷ የለካችው አምስትን ነው፤ ከዚያ አሥርን። መካከሉን ዘልላዋለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ምክንያቱ ከምሳ በኋላ ተገኘ። ጠርዙን የሚሞርደው ድንጋይ በወሩ መጀመሪያ ተቀይሮ፣ ክሪስታሎቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፀጉር ያህል ጠብበው ነበር። በዚህ የተነሣ ያ የሚታጠፈው ንዝረት ከቦታው ተገፍቶ፣ ሰባት ዲግሪ ላይ ከዋናው ጋር ተገጣጠመና ዋጠው።

«የደንበኛው ወረቀት በየአምስት ዲግሪው ነው የሚለው» አለ ሞሞሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በየአምስት ዲግሪው አልፏል። መኪናው በር ላይ ነው። ካራሳዋ ሳን፣ ይገባሻል አይደል?»

«በዚህ ወቅት የሰሜኑ ባሕር ስንት ዲግሪ ነው?»

የመለሱት አቶ ኡሺያማ ናቸው፤ «ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ቺዙሩ ወረቀቱን እንዲሰጣት ጠየቀች። በማህተሟ ላይ ሁለት መስመር አስምራ ሰረዘችው፤ እርማቱ የራሷ መሆኑን ለማረጋገጥ ከጎኑ እንደገና ማህተሟን አሳረፈች። ይህን ሁሉ ስታደርግ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየው ነበር። ሞሞሴ አፉን ከፍቶ ቀረ። የሱን አፍ መከፈት አይታ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

ሦስቱም ሺህ ተጣለ። ፋብሪካው አምስት ሳምንት እሑድን ጨምሮ ሠርቶ ሌላ ተካ። ቺዙሩ የጽሑፍ ተግሣጽ ደረሳት። አቶ ኡሺያማ ሣጥን ላይ በመቀመጣቸው ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወሩ። ሁለቱም በሥራ አስኪያጁ ፊት ጎን ለጎን ቆመው፣ ወገባቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ። ጎንበስ እንዳሉ ቺዙሩ «እንዴት አወቁ?» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«አላወቅሁም» አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። «ድምፃቸው ለጆሮዬ ጣፈጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰማቸው አንዱም እኔን ደስ ለማሰኘት ደክሞ አያውቅም። እነዚህ ግን ለኔ ብለው የሚዘፍኑ መሰለኝ። ፈራኋ።»

ያንን ሳምንት ቺዙሩ የንዴት ደብተሯን አወጣች። አሁን የምትፈልገው ማሳፈሪያ አልነበረም። ምን ያህል ጊዜ ልክ እንደነበሩ ቆጥራ፣ ለሞሞሴ አሳይታ ወደ ወንበራቸው ልታስመልሳቸው ነው። «ታሟል» ያሏቸው ጭነቶች ሃያ ስድስት ነበሩ። ከእያንዳንዳቸው የቀረውን ናሙና ከመጋዘን አውጥታ፣ አንድ አንድ ዲግሪ እያለች እንደገና ለካች። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ልክ የነበሩት አንድ ጊዜ ነው።

ከመርፌው መውደቅ ይልቅ ይህ አስደነገጣት። ሦስት ጊዜ ደግማ ቆጠረች። ለሞሞሴ የምታሳየው ነገር አልነበራትም። በምሳ ሰዓት ወደ ማሸጊያ ክፍል ሄዳ ለራሳቸው ነገረቻቸው፤ ሳታሳምር።

«ሃያ አምስት ጊዜ ተሳስተዋል፣ ኡሺያማ ሳን።»

አቶ ኡሺያማ ካርቶን ማጠፋቸውን አላቆሙም። «አንዷ የትኛዋ ነች?»

«የጀልባዎቹ።»

«ደህና ቦታ ነው የዋለችው» አሉ።

ቺዙሩ እጇን ኪሷ ከተተች። እዚያ ውስጥ፣ ለምን እንዳመጣቻቸው ለራሷም ሳትነግር፣ በወረቀት የጠቀለለቻቸው አሥር አዳዲስ ክሪስታሎች ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። ማሸጊያ ክፍል መስታወት ስለሌለ፣ የሻይ ሲኒያቸውን ደፍተው በሲኒው ቂጥ ላይ አንድ በአንድ ጣሏቸው። ሁለት ተሸረፉ። ቺዙሩ ስብርባሪያቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

«እነዚህ ጥሩ አይደሉም» አሉ በመጨረሻ፣ አዝነው።

ከሰዓቱን በሙሉ፣ ሌላ ሥራዋን ትታ፣ የቀሩትን ስምንት በየዲግሪው ለካች። ሞሞሴ በበሩ ብቅ ብሎ አያት፤ ማንን ለማስደሰት እንደምትደክም ገብቶት ይሁን አይሁን፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ስምንቱም ፍጹም ጤነኞች ነበሩ።

በማግስቱ ሄዳ ነገረቻቸው። «አንድም እንከን የላቸውም።»

አቶ ኡሺያማ አላፈሩም። «እንግዲያው ተሳሳትኩ» አሉና ሲኒውን ደፉ። «የዛሬዎቹስ?»

ከኪሷ አወጣች።