ትንሹ ክፍል የእሷ፣ ትልቁ የኔ
በጎረቤቱ መኪና የሚቀና ሰው አይታችሁ ይሆናል። በአይጥ ጉበት ኢንዛይም የሚቀናስ? እንግዲያው እኔን ተዋወቁ።

እዚህ እስራኤል፣ እኔ ከቂርያት ማላኪ ከተማ፣ ኦስናት ከያቭነ ከተማ እየተመላለስን አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንሠራለን። ኢንዛይማችን ከሁለት ክፍሎች የተገጠመ ነው። የትንሹን ክፍል ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ ማባዛትና ፊደሎቹን በተራ ማንበብ ለእሷ ደረሳት፤ የትልቁ ለኔ። «ትልቁ» በመባሉ ብቻ ምን ያህል እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። እሷ ቶሎ ጨረሰች። የኔ ባክቴሪያዎች ግን ጂኑን አንቀበልም ብለው ባዶአቸውን ይባዛሉ። እናቴ ሳትቀር፣ «የያቭነዋ ልጅ ጨረሰች አሉ፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ከባክቴሪያ ጋር ተጣላሁ ይባላል?

ኦስናት ሥራዋን ለኅትመት ከመላኳ በፊት እንዳየው ሰጠችኝ። ስሕተት ፍለጋ ሦስት ቀን ፊደል በፊደል አበጠርሁት። ለራሴ ሥራ እንኳ እንዲህ ተግቼ አላውቅም። አገኘሁ! መጨረሻው አጠገብ አንድ ፊደል ሁለቴ ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ተዛብቷል። ስብሰባ መካከል፣ አለቃችን ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ።

ኦስናት ወረቀቱን አየችና ደነገጠች። ከዚያ እጄን ያዘች።

«ወንድምዓለም፣ ከውርደት አወጣኸኝ። ስምህ ከስሜ ጎን ይግባ። ያላ፣ በል እንግዲህ፣ ከነገ ጀምሮ ያንተንም አብረን እንሠራዋለን።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አልሁ።

በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ የኢንዛይሙ ቅናት ለቆኝ ነበር። በደግነቷ ግን እስከ ዛሬ እቀናለሁ።