ወገብ ለኪው ዶክተር

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የሌላውን ሰው ምሳ የሚቆጣጠር አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም የለውም፤ ግን እንደ እሱ ሥራውን የሚያከብር ሠራተኛ አይገኝም። በእኛ ልብስ ስፌት ቤት ይህን ሹመት የያዙት ጨርቅ ቆራጩ ናቸው። ከኋላቸው «ክቡር ዶክተር» እንላቸዋለን። የሕክምና መሣሪያቸው አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ነው።

ክቡር ዶክተር በርገር የያዘ ሰው ገና በር ላይ ብቅ ሲል ያሸቱታል። መቀሳቸውን ያስቀምጡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ይሄ ምግብ አይደለም፤ የሐኪም ቀጠሮ ነው!» ይላሉ። ከዚያ የራሳቸውን ምሳ ዕቃ ይከፍታሉ። የተቀቀለ ካሮት፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን። ጨው የለው፣ ዘይት የለው። አንዳንዴ ምሳ ዕቃውንም አብረው የቀቀሉት ይመስለኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሚከፈለኝ በሰፋሁት ልክ ነው። ችፕስ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ በአንድ እጅ እየበሉ በሌላው ጨርቅ መግፋት ይቻላል። ጎመን ግን መግዛት አለው፣ ማጠብ አለው፣ መክተፍ አለው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም እኮ!»

«የሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ግን ጊዜ ታገኛለህ።»

«እሺ፣ ካሮቱንስ በምን አቅሜ? ዋጋው ሰማይ ነክቷል!»

«መድኃኒት ርካሽ ነው ያለህ ማነው?»

ችፕሴን ጎረስኩ።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ ወገባችንን ይለካሉ። ጠዋት ገና ጃኬታችንን ሳናወልቅ ሜትሩን ያጠልቁብናል። በካውያ የሚተኩሰው ጓደኛችን ሆዱን ስቦ ሲቆም፣ «ተንፍስ! እኔን ብታታልል ሱሪህን አታታልለውም» ይሉታል። ገንዘብ ያዧ ሰኞ ሰኞ ማርፈድ የጀመረችው በሌላ ምክንያት እንዳይመስላችሁ።

በቀደም ሰኞ የእኔ ተራ ሲደርስ ወገቤ ቀንሶ ተገኘ። ያውም በትንሹ አይደለም። «አዩ ጋሼ! በችፕስ ከሳሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ክቡር ዶክተር ግን አልሳቁም። እንደገና ለኩኝ። የሱሪዬን ወገብ በጣታቸው ያዝ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ውኃ ይጠማሃል?»

«በጣም። ሙቀቱ ነዋ።»

«ሌሊትስ ሽንት ያስነሳሃል?»

ሌሊቱ ይቅርና፣ ቀንም ማሽኑን እየጣልኩ ስሮጥ ነው የምውለው።

«ነገ ምንም ሳትበላ ክሊኒክ እንሄዳለን» አሉ። ቁጣ የለ፣ ስብከት የለ። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝም ይሄው ነው። ያን ቀን ዕድሜ ልካቸውን ስተው የማያውቁት ሰውዬ አንድ እጅጌ ገልብጠው ቆረጡ።

በማግስቱ ለምርመራ ደም ሰጥቼ የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምናልባት የመጨረሻዬ ነው ብዬ በር ላይ ችፕስ ገዝቼ ነበር፤ ግን አንዷንም አልቀመስኳት። ከነከረጢቱ መካከላችን አስቀመጥኩት። እሳቸው ሜትራቸውን ይጠቀልላሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ይላሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ስሜ ሲጠራ ገባሁ።

ስወጣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እ?»

«ስኳር ነው ጋሼ። ግን ጉዳት ሳያደርስ ተደርሶበታል አለችኝ ሐኪሟ። መድኃኒት እጀምራለሁ፣ አመጋገቤንም አስተካክላለሁ።»

«ተመስገን! ተመስገን!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ከነገ ጀምሮ ካሮቱን ለሁለት ነው የምቀቅለው።»

እንባቸውን በመዳፋቸው ሲጠርጉ ጉንጫቸው በዘይት አብለጨለጨ። ጢማቸው ላይ ጨው አለ። ወደ አግዳሚው ዞር ብዬ ከረጢቱን አየሁት። ሙልጭ ብሏል። የደነገጠ ሰው እጁ የሚሠራውን አያውቅምና፣ አንድ በአንድ እያነሱ ጨርሰውታል። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ተጨንቆልኝ አያውቅም።

ባዶውን ከረጢት አንስቼ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምግብ አይደለም፤ የሐኪም ቀጠሮ ነው።»

ከረጢቱን አዩ፤ ጣታቸውን አዩ።

«ቀጠሮውማ ያንተ ነው» አሉ። «እኔ አጃቢ ነኝ።»