ማስረጃ የሚጠይቁት አከራዬ

የወንጀል ፍትሕ በኦንላይን የሚማር ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም አከራዬ ናቸው። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ወይዘሮ አስቴር ጡረታ በወጡ ማግስት ለዲግሪ ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ሐሜት የሚባል ነገር ጠፋ። የማንንም ስም ቢያነሱላቸው መልሳቸው "ማስረጃ አለህ?" ነው። በማስረጃ የሚታማ ሰው ደግሞ የት ይገኛል?

ባለፈው ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር የገዛሁት ዓሣ ከነፌስታሉ ከደጄ ጠፋ። "ዘበኛው ነው!" ብዬ ጮህኩ። ዘበኛችን ጋሽ ዳንጊሶ ክው አሉ። ወይዘሮ አስቴር ከስልካቸው ትምህርት ቀና አሉ፤ ደጄን በልብስ ማስጫ ገመድ አጥረው እኔኑ ይመረምሩኝ ጀመር።

"ሲወስዱ አይተሃል?"

"አላየሁም፤ ግን ከሳቸው ሌላ ማን አለ?"

"እሱን ነው የምናጣራው!"

ወዲያው ጣሪያው ተንኳኳ። ቀና ስንል አንድ አባ ኮዳ፣ ያ የሐይቁ ትልቅ ወፍ፣ ፌስታሌን በመንቁሩ አንጠልጥሎ ቆሟል! ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ጋሽ ዳንጊሶ ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሱ ጨፈሩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸውና እፍረቴን በወፉ ልወጣ "አንተ ሌባ!" ስል፣ ወይዘሮ አስቴር ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

"ተጠርጣሪ በል! ገና አልተፈረደበትም።"