ሐጅ ዑስማንና እምቢተኛው ምላጭ

ሰው ሙያውን ከመምህሩ ይማራል ይባላል። ይሄ በአገር ቤት ነው። በሰው አገር ሙያ የሚሰጥህ ጎረቤት ነው፤ ምን እንደምታውቅ አንተን ማን ጠየቀህ? እኔ ካርቱም ውስጥ፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ የስፌት መኪና ስጠግን አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ መርፌና ስለ ማርሽ ጠይቁኝ፣ ምሳችሁን አስረስቼ አወራችኋለሁ። ጎጃም መወለዴን የሰማ ሱዳናዊ ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ጠመንጃ ነው። ሐበሻ ጠመንጃ አንግቦ ከእናቱ ሆድ የሚወጣ ይመስላቸዋል። እኔም፣ ኃጢአቴን ልናዘዝና፣ "አላውቅም" ብዬ አላውቅም። የመጣን ክብር በር ላይ መመለስ ነውር አይደል?

ሱቁን ያከራዩኝ ሐጅ ዑስማን ይባላሉ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ይኖራሉ፤ ፈቃድ ያለው የአደን ጠመንጃም አላቸው። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ከሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር ሚዳቋ ሊያድኑ በረሃ ይወርዳሉ። በየዓመቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ጥፋቱ የማን ነው? የምላጩ! ምላጭ ስላችሁ የጢሙን አይደለም፤ ጣት ስቦ ጠመንጃ የሚያስተኩስበትን ነው።

አንድ ጧት ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሱቄ ድረስ ይዘው መጡ።

"ያ ኡስታ፣ ይሄ ምላጭ በሬ ነው፤ ካልጎተቱት አይሄድም። እኔ ስቤ እስክጨርስ ሚዳቋዋ አግብታ ትወልዳለች። አንተ ሐበሻ ነህ፣ አለስልስልኝ" አሉኝ። ኡስታ በእነርሱ ቋንቋ ባለሙያ ማለት ነው።

ሐበሻ መሆኔን እንዴት ልካድ? ደግሞም ሱቁ የእርሳቸው ነው። ባለቤቴ ዘነበች ነገሩን ስትሰማ፣ "አንተ ሰው፣ ከክር በቀር ምን ነክተህ ታውቃለህ? ሳትፈታው መልስላቸው" አለችኝ። ምክሯን እንደ ወትሮው አደነቅሁና እንደ ወትሮው ተውኩት።

እውነቱን ለመናገር የሥራው ግማሽ አምሮልኛል። ፈታ ሳደርገው በሽታው በዓይን ይታያል፤ የስንት ዓመት ቅባት፣ ሃቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ካመጣው አቧራ ጋር ተጋብቶ እንደ ሙጫ ደርቋል። በላምባ አጠብኩት፤ አደረቅሁት፤ አንዲት ጠብታ ዘይት ሰጠሁት። ያለ ጥይት ስስበው ምላጩ እሺ አለ። እዚህ ላይ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ብሎን ዓይኔ ገባች፤ የስፌት መኪና ክር የምታጠብቀዋን ብሎን ቁርጥ! ብሎን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጠጋኝ አይታችኋል? ትንሽ አላላኋት፤ ምላጩ ለሰለሰ። ጨመርኩ፤ የባሰ ለሰለሰ። ሦስተኛውን ግን ያዞርኩት በጥበብ ሳይሆን በጥጋብ ነው።

ሐጅ ዑስማን ግቢያቸው ውስጥ ተቀበሉኝ። ባዶውን ሳብ አደረጉና ፊታቸው በራ። "ማሻአላህ! ቅቤ አደረግኸው!" ብለው አቀፉኝ። ከዚያ ኪሳቸው ገቡና አንዲት ጥይት አወጡ። "አጉርሼ ብቻ ልየው" አሉ። ይቅርብዎ ልል አፌን ስከፍት ሰደፉን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉት።

ምላጩን ማንም አልነካውም። ጠመንጃው በገዛ ፈቃዱ ጮኸ።

ለካርቱም የተኩስ ድምፅ ገና ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው። ጥይቷ በጆሮዬ አጠገብ አፏጭታ ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር በሳችው። ባለሁበት ቁጭ አልኩ። አንድ ስንዝር ወደዚህ ብትል ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራችሁ ሰው አልነበረም። ሐጅ ዑስማን ፊታቸው አመድ መስሎ፣ "ደህና ነህ? ልጄ፣ ደህና ነህ?" እያሉ ደረቴን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ውሃው ከላያችን ይወርዳል። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠላጠለ። የቤቱ እመቤት ሐጃ ሱዓድ ወጡ፤ እኛን አዩ፣ ታንከሩን አዩ፣ መቁሰላችንን ፈልገው አጡ። ከዚያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ይሄ ጠመንጃ በሃያ ዓመቱ አንድ ነገር መታ!" አሉ።

በማግስቱ ኦምዱርማን ወዳሉ አንድ አዛውንት ጠመንጃ ጠጋኝ ሄድን። ፈትተው አዩት።

"ማነው ያጠበው? እጁ ይባረክ" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ብሎኗንስ ማን ነካት?"

ሐጅ ዑስማን እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። "አላህ ያውቃል" አልኩ።

"እርሱማ ያውቃል፤ አሁን እኔም አወቅሁ" አሉና ሳቁ። ብሎኗን ወደ ቦታዋ መልሰው፣ አስሬ እየፈተኑ አስተካከሉት። ሲያስረክቡን ሳቁን ተዉት። "ልጄ፣ ጥሩ ምላጭ ማለት ጣት እስኪያዘው የሚጠብቅ ነው። የማይጠብቅ ምላጭ ሰው ይገድላል" አሉኝ። ጆሮዬ ጋ ያለፈችውን አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

ብርዱ ገባ፤ ሐጅ ዑስማን በረሃ ወርደው ተመለሱ። ሱቄ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። ብሎኗ ትዝ አለችኝ።

"ምላጩ አስቸገረዎ?"

"ወላሂ፣ እንከን የለውም።"

"ሚዳቋዋስ?"

"እርሷም እንከን የለባትም። እየሮጠች ነው።"

ተቀምጠው ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ቀድሞ ሲስቱ ጓደኞቻቸው፣ "ምስኪን ዑስማን፣ ምን ያድርግ? ምላጩ ነው" ይሏቸው ነበር። ዘንድሮ ግን አራት ጊዜ ከሳቱ በኋላ አንዱ ጓደኛቸው ያንኑ ጠመንጃ ተቀብሎ፣ በአንዲት ጥይት ሚዳቋዋን ጣላት። እሳት ዳር ተቀምጠው ሥጋ ሲበሉ ማንም ስለ ምላጭ አላነሳም።

ሐጅ ዑስማን ተነሱ፤ ወደ በሩ ሄደው መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኙ፤ ተመልሰው ጆሮዬ አጠገብ አጎነበሱ።

"ያ ኡስታ፣" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "መልሰህ ልታከብድልኝ ትችላለህ?"