መጨረሻውን የሚነግርህ ሰው

በዚህች ከተማ ከቁንጫ ቀጥሎ ሰላም የሚነሳ ፍጡር ቢኖር፣ መጽሐፉን ካንተ ቀድሞ ያነበበ ሰው ነው። በየሰፈሩ አንድ አይታጣም። በደርግ ጊዜ ከላምበረት ከፍ ብሎ ላለው ለኛ ሰፈር የተመደቡልን ክቡር አቶ ገበየሁ ነበሩ።

መጽሐፉ ለወጣቶች የተጻፈ ተከታታይ ጀብዱ ነው፤ አሥራ ሁለት ቁጥር። ዳምጠው የሚባል ልጅ መርከብ ላይ ተደብቆ ይሳፈርና በየቁጥሩ መጨረሻ አንድ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሙክታር ከኪዮስኩ ያከራየን ነበር። አንድ ቅጂ ለሰፈር ስለማይበቃ በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ዘዴ አበጀን፤ ስፌቱን ፈትተን መጽሐፉን በአራት ከፈልነው። ከፊት ያለው አንዱን ክፍል ጨርሶ ወደ ኋላ ያቀብላል፣ ቀጣዩን ይይዛል። ስኳሩ ሳይመጣ መጽሐፉ ያልቃል።

በሰልፉ ላይ ሁላችንም ቦታ መያዣ ድንጋይ እናስቀምጣለን። የክቡርነታቸው ድንጋይ ግን ሁልጊዜ አንደኛ ነው። ስለዚህ መጨረሻውን ቀድመው ያነባሉ፤ አንብበውም ወደ ኋላ ዞረው፣ «አትልፉ፣ እኔ ልንገራችሁ!» ይላሉ።

ወይዘሮ በለጡ ዳምጠው ዋሻ ሲገባ እያነበቡ በፍርሃት ሲንቀጠቀጡ፣ «አይዞዎት፣ በጓሮ በኩል መውጫ አለው!» ብለው ፍርሃታቸውን ቀሟቸው። በስብሰባ ካድሬው ንግግሩን ገና ሲጀምር፣ «መጨረሻ ላይ እናጨበጭባለን» ብለው ሹክ አሉኝ። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ እየተነበበ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «በመጨረሻ ይሞታሉ» አሉኝ። ምን ይደረጋል? ደከመን።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ሰልፉን ላየው ሽበት ብቻ ነበር። ለልጆች የተጻፈውን ሽማግሌና ባልቴት የሚሻማበት አገር፣ ልጆቹ የት ሄደው ነው? ይህን ጮክ ብዬ ስጠይቅ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ድንጋዩን አንስቶ ራቅ ብሎ ተሰለፈ።

ከሄዱት አንዱ ሣህሌ ነው፤ የወይዘሮ የማርያምወርቅ አንድ ልጅ። ማታ ማታ ዳምጠውን ከሙክታር ለአዳር ወስዶ ለእናቱ የሚያነብላቸው እሱ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ አሥራ አንደኛውን ጨርሰው፣ ዳምጠውን ጎርፍ ወስዶት ነበር። «የመጨረሻውን ማንም እንዳይነግርሽ እማዬ፤ መጥቼ አብረን እናነበዋለን» ብሏቸው ሄደ። እናት ይህን ቃል እንደ ስለት ያዙት።

አሥራ ሁለተኛው ቁጥር በመጣ ጠዋት፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በነጠላቸው ጆሯቸውን ሸፍነው ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ቆሙ። ክቡርነታቸው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። «አቶ ገበየሁ፣ ዛሬ ትንፍሽ ቢሉ ተጣላን!» አልኳቸው። አንብበው ጨረሱ፣ ክፍሉን አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት፣ ዝም አሉ። ፈርተውኝ መስሎኝ ኮራሁ።

ክረምቱ አለፈ። ከሣህሌ ወሬ የለም። አንድ ቀን እናት ከሰልፉ ጭራ ተነስተው ወደ ፊት መጡ፤ ነጠላቸውን ከጆሯቸው አወረዱ።

«አቶ ገበየሁ፣ መጠበቁ በቃኝ። ይንገሩኝ። ልጁ ከጎርፉ ይወጣል?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይጠየቁ የተናገሩ ሰው ገና አሁን ተጠየቁ።

«አላነበብኩትም፣ እትዬ።»

«ምነው፣ ሲያነቡ አይቼዎት የለ!»

«ገጽ ስገልጥ ነው ያዩኝ። ያን ቀን መነጽሬን ረስቼ ነበር። ዛሬም ረስቻለሁ። ሣህሌ ሲመጣ ያነብልናል፤ እኔም መጥቼ እሰማለሁ።»

መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ መነጽሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ መልሰው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

ሙክታር የመጨረሻውን ክፍል ሲጠይቃቸው «ዝናብ አበላሸው» አሉት። ውሸታም! ከኮታቸው ኪስ ጫፉ ብቅ ብሎ ይታየኛል። እኔ መቼም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ በኮተቤ መንገድ ተከትያቸው፣ «ለኔ ብቻ፣ በጆሮዬ፣ ልጁ ይተርፋል?» አልኳቸው።

ኮታቸውን ቆለፉ።

«አትልፋ» አሉኝ፤ የቀረውን ግን አልጨመሩም።