የዩኒቨርሲቲ ጎዳናው ገብርኤል

ዓይናፋር ሰው እንዴት እንደሚዋሽ ታውቃላችሁ? ዝም ብሎ ነው። ደፋር ሲዋሽ ይደክማል፤ ታሪክ ይፈጥራል፣ ምስክር ይጠራል፣ ትናንት ያለውን ለማስታወስ ይጨነቃል። የኔ ቢጤ ግን አፉን ዘግቶ ይቆማል፤ ውሸቱ ራሱ ጥርስ አውጥቶ በእግሩ መሄድ ይጀምራል። የኔ ውሸት ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾም ጠይቄያቸው ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ እናት ዓይን ነው። እማማ አልጣሽ ክሬሰንት ታውን የሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር፣ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሲመጡ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ነበር። ሐኪማቸው ያለው ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ነው፤ ቶሮንቶ ሐኪም ቤቶቿን እዚያ እንደ ሽንኩርት መደብ ደርድራቸዋለች። የሐኪም አፖይንትመንት በኖረ ቁጥር ከሥራ ፈቃድ የምወስደው እኔ ነኝ፤ ልጃቸው ቢዚ ነው። (ይቺን ቃል ወንዶቻችን ገና ከአውሮፕላን ሳይወርዱ ነው የሚለምዷት።)

የመጀመሪያው ቀን በሰብዌይ፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ አንድ ፌርማታ አልፈን ወረድን። ደረጃውን ወጥተን ብቅ ስንል እማማ ድንገት ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ አንጋጠጡና "ገብርኤል!" አሉ። እኔም አንጋጠጥኩ። መሐል ጎዳናው ላይ ረጅም የድንጋይ ዓምድ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ክንፍ ያለው የነሐስ ምስል አክሊል ወደ ሰማይ ያነሳል። ሞራ ለለበሰ ዓይን ክንፍና አክሊል ከታየው ሌላ ምን ያስፈልገዋል? "አየሽ የክርስቲያን አገር! አስፋልት መሐል አቆሙት እኮ!" አሉኝ፣ እንባቸው እየመጣ።

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ታሪክ የተማርኩት ለዚህ ቀን ይመስል። ከዚህ አገር ተነሥተው ደቡብ አፍሪካ ላይ ተዋግተው ለሞቱ ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ነው። እንግሊዝና ቦሮች የሚባሉት ነጭ ገበሬዎች በመሬትና በወርቅ ተጣሉ። መሬቱና ወርቁ የማን ነበር? ይህን የጠየቀ የለም። ሁለት ሌቦች ሰው ቤት ገብተው በዕቃው ሲደባደቡ፣ እነዚህ ጀግኖች ለአንደኛው ሌባ ሊያግዙ በመርከብ ውቅያኖስ አቋርጠው ሄዱ። ይህም ታላቅ ሥራ ሆኖ ዓምድ ተተከለለት፣ ክንፍ ተቀጠለለት! ከሥር የቆሙትን የነሐስ ወታደሮች ፊት ብታዩ አፍሪካን አምጠው የወለዷት ነው የሚመስሉት። ሁለት ጊዜ ዞሬዋለሁ፤ ስለ ቤቱ ባለቤቶች አንዲት መስመር አላገኘሁም። ድንጋዩ ግን ቦታ አልጠበበውም ነበር።

ይህን ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን እማማ ተንበርክከው ግንባራቸውን ከድንጋዩ አስነክተዋል። ከጎን ካለው ፍርድ ቤት የወጣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ አያቸውና፣ የሟች ዘር መሰሉት መሰለኝ፣ ቆሞ አንገቱን ደፋላቸው። ሐውልቱ ከቆመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ከልብ የመነጨ ክብር ያገኘ አይመስለኝም። ያገኘውም ከማን? ከአንዲት አፍሪካዊት!

ወዲያው "ዓይኔን ካበራህልኝ የግምጃ ጃንጥላ አገባልሃለሁ" ብለው ተሳሉ። ወደኔ ዞረውም "ምስክሬ አንቺ ነሽ፣ አደራ!" አሉኝ። እኔም "እሺ እማማ" አልኩ። በዚያች እሺ ታሰርኩ።

ከዚያማ በየአፖይንትመንቱ መሳለም ሆነ። አንዳንዴም ያለ አፖይንትመንት እንሄዳለን፤ ለባለቤቴ "እማማን እግራቸውን ላፍታታቸው" እያልኩ። በክረምት ክንፉ ላይ በረዶ ሲቆለልበት "ውይ፣ በረደህ!" ይሉታል። ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ አወሩ፤ ይባስ ብለው "ያሳየችኝ ምራቴ ናት፣ የተባረከች!" ይላሉ። እውነቱ ቢወጣ መሳቂያ የሚሆኑት እሳቸው፣ አሳች የምባለው እኔ ነኝ። እንግዲህ የተባረከች ተብዬ ከምን ጀምሬ ላፍርስ?

የመጀመሪያው ዓይናቸው ተሠርቶ እምብዛም አላሳያቸውም ነበር፤ ባለፈው ወር ግን ሁለተኛው ተሠራ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያሉት "አንቺ፣ ማድያት አለብሽ እንዴ?" ነበር። ዓይናቸው በርቷል ማለት ነው። በሳምንቱ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ ጃንጥላው መጣ፤ ቀይ ግምጃ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። ቅዳሜ ጠዋት ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው "ተነሽ፣ ስለቴን ላድርስ" አሉ።

በሰብዌይ ሙሉውን መንገድ የምነግራቸውን በሆዴ ስለማመድ ነበር። ይህ የስለት ጃንጥላ ሰው ሊወጉ ለሄዱ ሰዎች ጥላ ከሚሆን፣ እኔው አሳች ልባል ብዬ ቆረጥኩ። ደረስን። እማማ ጃንጥላውን ዘረጉት። "እማማ፣ ገብርኤል አይደለም" አልኩ። ስትሪትካር የሚሉት የአስፋልት ባቡር እየተንጓጓ አለፈና ድምፄን ይዞት ሄደ። "ምን አልሽ?" አሉኝ። "ገብርኤል አይደለም!" ብዬ ስጮህ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አላቆምኩም። ጦርነቱን፣ ወርቁን፣ ሁለቱን ሌቦች፣ ሦስት ዓመት ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

እማማ በአዲሱ ዓይናቸው ወታደሮቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። "እነዚህ ናቸው የሰው አገር የሄዱት?" አሉ። አዎ አልኩ። "ማን ጠርቷቸው?" አሉ። ማንም አልኩ። "እና ይህን ጥላ ለነሱ ልዘረጋላቸው ነበር?" አሉና ጃንጥላውን ጠቅ አድርገው አጠፉት። "ፀሐይ ይምታቸው!"

እፎይ! ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ወረደልኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ። "ገብርኤል አለመሆኑንማ ከሩቁ አይቼዋለሁ፤ ጡት ያለው ገብርኤል የት አለ? ደግሞ ለዚህ ነው እንዲህ ላብ የሚያጠምቅሽ? እመቤታችን ናት እንጂ! እነዚህን ወሮበሎች ከላይ ሆና እየጠበቀቻቸው ነው። ጃንጥላዋን ቤተ ክርስቲያን እናስገባላታለን።"

የቀረችኝን ጥቂት ድፍረት አሟጥጬ "እማማ፣ እመቤታችን ክንፍ አላት እንዴ?" አልኳቸው።

እማማ ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ምንም እንዳልገባኝ በሐዘን አዩኝ። "አንቺ ደግሞ! እዚህ አገር ያለ ክንፍ የገባ ማን አለ?"